«ተጠግኗል» ተብሎ የሚሸጥ ፓወር ሰፕላይ፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ዴስክቶፕ ኮምፒውተራቸው አልነሣ ብሎ ወደ ጥገና ቤት ለሚወስዱ ሰዎች ሁሉ ነው። ፓወር ሰፕላይ የምለው የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሩ ወደሚጠቀምበት ዝቅተኛ ቮልት የሚለውጠውን ሣጥን ነው። በሰፈራችን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጡ አንዲት እናት፣ መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ኮምፒውተራቸው አልነሣ ስላለ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰዱት። በመጀመሪያ «ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚገናኙበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል» ተባሉ፤ የተጠየቁት ዋጋ ከአቅማቸው በላይ መሆኑን ሲናገሩ ደግሞ «እንግዲያው ፓወር ሰፕላዩን ጠግነን እንሞክርልዎት» የሚል ሌላ መልስ ተሰጣቸው። በመጨረሻ «500 ዋት» የሚል አዲስ ወረቀት የተለጠፈበት ፓወር ሰፕላይ ተገጥሞላቸው፣ አዲስ ዕቃ ሊገዛ የሚችል ገንዘብ ከፍለው፣ ያለ ደረሰኝ ተመለሱ። ኮምፒውተሩ በእርግጥ ተነሣ። ይሁን እንጂ ጉርድ ፎቶ ሲያስተካክሉ ወይም ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲከፍቱ በራሱ እየጠፋ እንደገና ይነሣ ጀመር፤ ከጀርባውም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ ይመጣ ነበር።

ሥራዬ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር የተያያዘ በመሆኑ እንድመለከተው ጠየቁኝ። ከመፍታቴ በፊት ለካሁት። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ፓወር ሰፕላዩ ለኮምፒውተሩ ከሚያቀርባቸው መስመሮች ዋናው፣ የ12 ቮልቱ፣ 12.1 ያሳይ ነበር፤ ከባድ ሥራ ሲሰጠው ግን ወደ 10.9 ወረደ። ከዚያ ነቅዬ፣ በውስጡ ተጠራቅሞ የቀረው ኤሌክትሪክ መውጣቱን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ካረጋገጥኩ በኋላ ከፈትኩት። ኤሌክትሪኩ ከመጠን ሲያልፍ ራሱ ተቃጥሎ የሚያቋርጠው የመስታወት ፊውዝ ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ በላዩም ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የመዳብ ሽቦ ተበይዶበታል። ከፊውዙ አጠገብ የሚቀመጠው፣ የኤሌክትሪኩ ኃይል በድንገት ሲጨምር ግፊቱን በራሱ ላይ ወስዶ ሌላውን የሚያድነው ቫሪስተር ተቆርጦ ወጥቷል፤ ቦታው ባዶ ነው። በ12 ቮልቱ መስመር ላይ በቅርቡ የተበየደው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚያረጋጋ ክፍል) በጎኑ 10 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለው፤ በዚያ ቦታ የሚገባው ቢያንስ 16 ቮልት የሚችል ነበር። «500 ዋት» የሚለውን ወረቀት ጥጉን ይዤ ሳነሣው ደግሞ ከሥሩ 250 ዋት የሚል የፋብሪካው ወረቀት ወጣ።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ፊውዙ ላይ የተበየደው ሽቦ ነው። የፓወር ሰፕላይ ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምክንያት አይቃጠልም። የመስታወቱ ውስጥ ከጠቆረ በሣጥኑ ውስጥ ሾርት ተፈጥሯል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም መነሻው ቫሪስተሩ፣ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡት ዳዮዶች ወይም ዋናው ትራንዚስተር ይሆናል። ሐቀኛ ባለሙያ መጀመሪያ ሾርቱን ፈልጎ የተበላሸውን ክፍል ይቀይራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ከቀድሞው ጋር እኩል አምፔር ያለው ፊውዝ የሚያስገባው። በሽቦ ከተተካ ግን በሚቀጥለው ሾርት ጊዜ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው የቤቱ ብሬከር ብቻ ይሆናል። ብሬከሩ የተመጠነው በግድግዳው ውስጥ ለሚያልፈው ወፍራም ሽቦ እንጂ በፓወር ሰፕላዩ ሰሌዳ ላይ ላለው ቀጭን መስመር አይደለም፤ ስለዚህ እስኪወርድ ድረስ የሚነድደው ዕቃው ነው። ይህ ፓወር ሰፕላይ የተቀመጠው ከወለል እስከ ጣሪያ ወረቀት በተደረደረበት ክፍል ውስጥ እንደነበር ሳስብ እስካሁን ያስቆጣኛል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ እሳት ይዞ ወደ ቤቱ እንዲገባ ማድረግ ጥገና ሊባል አይችልም።

ቫሪስተሩን ቆርጦ ማውጣትም እንዲሁ የተደበቀ በደል ነው። የተቃጠለ ቫሪስተር ፊውዙን ስለሚበጥስ፣ እርሱን ቆርጦ መጣል ኮምፒውተሩ በዚያው ቀን እንዲነሣ ያደርጋል፤ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። መብራት በተደጋጋሚ በሚሄድበትና ሲመለስ ኃይሉ በሚዋዥቅበት አገር ግን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው መከላከያ ይኸው ነበር። በሚቀጥለው መዋዠቅ ግፊቱን የሚቀበሉት ሌሎቹ ክፍሎች፣ አንዳንዴም ማዘርቦርዱና ዲስኩ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ደንበኛው ተመልሶ ወደዚያው ቤት ይሄዳል፤ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ቃልም በዚህ ጊዜ እውነት ሆኖ ይጠብቀዋል።

ጥገና ቤቶች በደንበኛ ፊት የሚያሳዩት «ሙከራ» ብዙውን ጊዜ ፋኑ መዞሩን ነው። ፋን መዞሩ በ12 ቮልቱ መስመር ላይ የሆነ ያህል ኤሌክትሪክ መኖሩን ብቻ ይናገራል እንጂ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው መጠን በሥራ ጫና ጊዜ መቆየቱን አያረጋግጥም። ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ዛሬም አብዛኞቹ ዴስክቶፖች የሚከተሉት ኤቲኤክስ የተባለው ደረጃ ለዋና ዋናዎቹ መስመሮች የሚፈቅደው ልዩነት 5 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.40 በታች ወርዶ ወይም ከ12.60 በላይ ወጥቶ መገኘት የለበትም፤ የ5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25፣ የ3.3 ቮልቱም ከ3.14 እስከ 3.47 ባለው ክልል መቆየት አለበት። 10.9 ቮልት ከዚህ ክልል ውጭ ነው፤ የጎረቤታችን ኮምፒውተር በሥራ መካከል ይጠፋ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። ባዶውን ሲለካ ጤነኛ የሚመስል፣ ሸክም ሲያገኝ የሚወድቅ ፓወር ሰፕላይ ከሞተው ይልቅ አታላይ ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ጥፋቱን በሚሞሪው፣ በዊንዶውሱ ወይም በቫይረስ ላይ እያሳበበ ለእያንዳንዱ ደግሞ እየከፈለ ይቆያል።

በመሆኑም ወደ ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁ ልታዩት የምትችሉት ብዙ ነገር አለ። ሶኬቱና ዲቫይደሩ ደኅና መሆናቸውን በሌላ ዕቃ ሞክሩ። የኮምፒውተሩ ገመድ በአብዛኛው ከሞኒተሩ ገመድ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አቀያይራችሁ ሰክታችሁ እዩ፤ ገመድ ብቻ ተበላሽቶ ሙሉ ጥገና የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ። ከጀርባ ያለው ማብሪያ ወደ «አንድ» ምልክት መዞሩን አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ምልክቱን አስተውሉ። ቁልፉ ሲጫን ምንም እንቅስቃሴ ከሌለ ፓወር ሰፕላዩ፣ ገመዱ ወይም ራሱ ቁልፉ ሊሆን ይችላል። ፋኑ ለአፍታ ዞሮ ከቆመ በአንዱ ክፍል ላይ ሾርት አለና ፓወር ሰፕላዩ ራሱን እየተከላከለ ሊሆን ስለሚችል፣ ነቅላችሁ የዲስኮችንና የሌሎች ተጨማሪ ዕቃዎችን ገመድ አንድ በአንድ እያወጣችሁ ሞክሩት። ደጋግሞ ከተጫነ በኋላ ብቻ የሚነሣ፣ በተለይም ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግር ከሆነ፣ የደረቁ ካፓሲተሮች ሊኖሩት ይችላሉ። በሥራ መካከል የሚጠፋው ደግሞ ከላይ የገለጽኩት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የፕሮሰሰሩ ፋን በአቧራ ተዘግቶ ሙቀት ሲበዛም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያደርግ አቧራውን መጀመሪያ አጽዱ።

መልቲሜትር ያለው ሰው አንድ ደረጃ ወደፊት መሄድ ይችላል። ባለ 24 ቀዳዳው ትልቁ ማገናኛ ማዘርቦርዱ ላይ እንደተሰካ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ገመዱ ግድግዳው ላይ ሳለ፣ በሐምራዊውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል 5 ቮልት ገደማ መገኘት አለበት፤ ይህ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም የማይቋረጠው መስመር ነው። እዚያ ምንም ከሌለ ችግሩ ከማዘርቦርዱ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ላይ መፈለግ አለበት። ይህ መስመር ካለ፣ ገመዱን ከግድግዳ ነቅላችሁ፣ ማገናኛዎቹን ሁሉ ከማዘርቦርዱና ከሌሎቹ ዕቃዎች አውጥታችሁ፣ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ አገናኙና መልሳችሁ ሰኩት፤ ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን መነሣት አለበት። አንዳንዶቹ ያለ ምንም ሸክም በትክክል ስለማይሠሩ አንድ አሮጌ ዲስክ ሰክቶ መሞከር ይመረጣል። ከዚያ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት ማሳየት አለባቸው፤ ግራጫውም «ሁሉም መስመር ተዘጋጅቷል» የሚለውን መልእክት ለማዘርቦርዱ የሚያደርስ ስለሆነ 5 ቮልት ገደማ ሊኖረው ይገባል። ግራጫው ከሌለ ሌሎቹ ቢኖሩም ኮምፒውተሩ አይነሣም። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ በግምት አትሞክሩ፤ የማገናኛውን ሥዕል ሳታገኙ አንዱን ከአንዱ ማገናኘት አደገኛ ነው።

ወሳኙ መለኪያ ግን ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ የሚወሰደው ነው። ካልተያዘ ባለ አራት እግር የዲስክ ማገናኛ ላይ ቢጫውን ከጥቁሩ ጋር እየለካችሁ ቪዲዮ ክፈቱ፣ ከባድ ፕሮግራም አስነሡ፤ ቁጥሩ ከ11.40 በታች ከወረደ ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልገውም። ይህን መለኪያ ጥገና ቤቱም በፊታችሁ እንዲያደርገው የመጠየቅ ሙሉ መብት አላችሁ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ስለሆነ የሚከለክልበት ምክንያት ሊኖረው አይችልም።

የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን ሙያው የሌለው ሰው እንዳይከፍተው አጥብቄ እለምናለሁ። በ220 ቮልት የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ዋናው ካፓሲተሩ ላይ ከ300 ቮልት በላይ ያጠራቅማል፤ ዘመናዊዎቹ ደግሞ ወደ 400 ይጠጋሉ፤ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ይዞት ይቆያል። ይህ ሰው ይገድላል። የእጅ ባትሪ አብርታችሁ በአየር ማስወጫው ወንፊት በኩል መመልከት ግን ትችላላችሁ፤ አናታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጡ ካፓሲተሮች ብዙ ጊዜ ከዚያ ይታያሉ።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን ተመልከቱ። አሜሪካ 120 ቮልት ስለምትጠቀም፣ በአሮጌና በርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ላይ የሚገኘው ቀይ መምረጫ 115 ላይ ሊሆን ይችላል። እንደዚያው በእኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል። መምረጫው ወደ 230 መዞር አለበት፤ «100–240» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓወር ሰፕላይ ግን ራሱ ይለያልና አያሳስብም። ይህ አደጋ የደረሰበት ሰው ማወቅ ያለበት፣ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ መሆኑን ነው። «ሁሉም ተቃጥሏል» የሚል ሰው በሌላ ፓወር ሰፕላይ ሞክሮ ካላሳያችሁ በስተቀር አትመኑት።

ስለ ወረቀቱም ልናገር፤ ዋናው ማታለያ ያለው እዚያ ነውና። ትልቁን የዋት ቁጥር ትታችሁ በሰንጠረዡ ውስጥ ከ12 ቮልት ሥር የተጻፈውን አምፔር ፈልጉና በ12 አባዙት። 16 አምፔር የሚል ከሆነ 192 ዋት ብቻ ነው፤ የዛሬ ፕሮሰሰሮችና ግራፊክስ ካርዶች ኃይላቸውን የሚወስዱት በአብዛኛው ከዚህ መስመር በመሆኑ፣ ከላይ በትልቁ «500» መባሉ ምንም አይረዳችሁም። ሰንጠረዥ ጨርሶ የሌለው ወረቀት ከሆነ ዕቃውን መልሳችሁ ስጡ። በእጃችሁ ስታነሡት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀልል ፓወር ሰፕላይ ውስጡ የመዋዠቅ ማጣሪያዎቹ የተቀነሱና ትራንስፎርመሩ ያነሰ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የወረቀቱ ጠርዝ የተነሣ ወይም ድርብ የሚመስል ከሆነ፣ የብሎኖቹ ራስ በካቻቢቴ የተቧጨረ ከሆነ፣ «አዲስ» የሚለውን ቃል አትቀበሉ። ያገለገለ መሸጥ በራሱ ነውር የለውም፤ ያገለገለ መሆኑ ተነግሮ በዋጋው ከተሸጠ ብዙ ሰው ይጠቅማል።

በገበያችን የሚበዙት ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ለምሳሌ የዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 እና 9020 ባለ 8፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ደግሞ ባለ 6 እግር ዋና ማገናኛ ስለሚጠቀሙ፣ ተራው ባለ 24 ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ አይገጥማቸውም። መለወጫ ገመድ አለ፤ ሽቦ ቆርጦ በላስቲክ እያሰሩ ማያያዝ ግን ማዘርቦርዱን አደጋ ላይ መጣል ነው። የሞዴሉን ስም ጽፋችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ «አይገኝም፤ ማዘርቦርዱም ይቀየር» ከሚል ንግግር ትድናላችሁ።

ጥገና ሁሉ ማታለል ነው እያልኩ አይደለም። ያበጡ ካፓሲተሮችን እኩል የማጠራቀም አቅም ባላቸው፣ ከቀድሞው ባላነሰ ቮልት በሚሠሩና 105 ዲግሪ ሙቀት በሚችሉ መቀየር፣ የደከመ ፋን መለወጥ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ ማደስ ተገቢ ሥራ ነው፤ ጥሩ ስም ላለው ፓወር ሰፕላይም ተጨማሪ ዓመታት ይሰጠዋል። ፊውዙ የጠቆረ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲሆን ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ለጥገናው የሚወጣው ገንዘብ ደኅና አዲስ ዕቃ ላይ ቢጨመር ይሻላል። አንድ ነገር ግን ጥያቄ ውስጥ አይገባም፤ ፊውዝ በሽቦ የሚተካ ሰው ጋር ሌላ ማንኛውንም ዕቃ መውሰድ አያስፈልግም።

ስትወስዱ የኮምፒውተሩን ውስጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ የፓወር ሰፕላዩ፣ የሚሞሪውና የዲስኩ መለያ ቁጥር በግልጽ ይታይ። የወጣው አሮጌ ክፍል እንዲመለስላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ሞዴል፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፣ ምን እንደተቀየረና ዋስትናው እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ስለ ዕቃው ጥራት የሚያሳስት መረጃ መስጠትንም ይከለክላል። ቀኑ አጭር ስለሆነ ኮምፒውተሩን ተቀብላችሁ ለሳምንታት አታስቀምጡት፤ በዚያው ሰሞን ከባድ ሥራ አሠሩትና ለኩት።

ጎረቤታችን ተመልሰው ሲጠይቁ «ይህ ከእኛ የወጣ ዕቃ አይደለም» ተብለዋል። ደረሰኝ ባይኖራቸውም በቴሌብር የከፈሉበት መልእክት በስልካቸው ውስጥ አለ፤ የሁለቱ ወረቀቶች፣ የፊውዙና የባዶው ቦታ ፎቶም ተያይዞ አቤቱታቸው ለአካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት ቀርቧል። ተመሳሳይ ዕቃ በእጃችሁ ያለ ከሆነ ዛሬውኑ ከሶኬት ንቀሉት፤ ነገር ግን አትጣሉት፣ ለሌላ ጠጋኝም አሳልፋችሁ አትስጡት፤ ለአቤቱታችሁ ዋናው ማስረጃ ራሱ ዕቃው ነው።